ዓርብ ቀን የተጠበሰው በግ

ይህን ስነግራችሁ አንዳችሁ እንኳ ብታምኑኝ ምላሴ ይቆረጥ። ከእሳቱ ዳር ቆሜ ያየሁት እኔ ራሴ እስካሁን እጠራጠራለሁ።

በዓል ሁለት ዓይነት ነው። የቤተ ክርስቲያን በዓል ጨዋ ነው፤ ገና ዓርብ ቢውል ጾሙን ራሱ አንሥቶልህ፣ "ብላ ልጄ" እያለህ ይመጣል። የመንግሥት በዓል ግን ቀን አይጠይቅም። እንዳሻው ይውላል፤ የምትጨነቀው አንተ ነህ። በደርግ ጊዜ የአብዮት በዓል ዓርብ የዋለ ዕለት፣ እኛ የጃናሞራ ገበሬዎች ጭንቅ ምን እንደሆነ ተማርን። ፊደል ያልቆጠርሁት እኔ እንኳ ያን ትምህርት አንደኛ ወጥቼ ነው የጨረስሁት።

ከወረዳችን ከተማ ከመካነ ብርሃን አንድ ካድሬ መጣ፤ ጢሙ ገና ያላበቀለ፣ ሽጉጡ ግን የጎለመሰ። በዓሉ በሜዳ ላይ ይከበር፣ አንድ የበግ ሙክት እንዳለ በእሳት ይጠበስ፣ ገበሬው በአንድነት ይብላ የሚል ትእዛዝ ይዟል። ያልበላ አድኃሪ ነው፤ ስሙ ይጻፋል። የበላስ? የነፍስ አባቱ ፊት በምን ዓይኑ ይቆማል? ጠባሹ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። "ጎንደር ፒያሳ ለጣሊያን በሬ እንዳለ ጠብሻለሁ" እያልሁ በየድግሱ ስዋሽ ኖሬአለሁ። በሬ ቀርቶ ድንች ጠብሼ አላውቅም።

የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር አያ ፈንቴ ጠጋ አለና፣ "ስማ፣ ይህ በግ ዛሬ እንዳይበስል" አለኝ።

"ቢያርርስ?"

"ካረረማ አሻጥር ነው፤ ትታሰራለህ።"

"ቢበስልስ?"

"አርባ አባወራ በአንተ ጦስ ጾም ያፈርሳል። የሚሻልህን ምረጥ።"

ምነው፣ እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትመርጡ ነበር?

እርጥብ የአስታ እንጨት ማገድሁ። ጭሱ የገደሉን ጭላዳ ሁሉ አሳለው። በጉ የተሰካበትን እንጨት ቀስ እያልሁ ከፍ፣ ከፍ አደረግሁት፤ እሳቱ ቆላ አዲ አርቃይ ቀረ፣ በጉ ራስ ደጀን ወጣ። ካድሬው በየትንፋሹ እየመጣ "ጓድ፣ ደረሰ?" ይለኛል። "ጎኑ ሞቅ ብሏል፣ ጓድ" እለዋለሁ። ከእኔ ላብ ይወርዳል እንጂ ከበጉ ስብ አይወርድም። ከበጉ በፊት የእኔ ግንባር በሰለ።

ከሰዓት በኋላ ግን አስታው ደረቀ፣ ንፋስ ገባበት፣ እሳቱ ተነሣ። ስቡ ጠብ ሲል ነበልባሉ ቀና ብሎ ላሰው። በጉ ከዳኝ። ሸጋ ሆኖ፣ ቀልቶ፣ እየተንጣጣ በሰለ። ሽታው የአገሩን ውሻ ሰበሰበ። አርባው አባወራ መሬት መሬት እያየ ምራቁን ይውጣል፤ አንዱማ "ምራቅ መዋጥ ጾም ያስገድፋል ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔን፣ ጠባሹን።

"ደርሷል፣ ጓድ" አልሁ።

ካድሬው ወረቀትና ብዕሩን አወጣ። "መልካም። ሰፊው ሕዝብ ይጀምር።"

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ያኔ አያ ፈንቴ ከጎድኑ ቆረጠ፣ በእንጀራ ጠቀለለና፣ "በአገራችን እንግዳ ሳይቀምስ ባለቤት አይቀምስም። ሰፊው ሕዝብ ጓድን ያስቀድማል" እያለ ጉርሻውን ይዞ ተጠጋው። ካድሬው አንድ እርምጃ ሸሸ፤ አያ ፈንቴ አንድ እርምጃ ተከተለ። እንዲህ እየተከታተሉ የሜዳውን እኩሌታ ዞሩት። የገብሱ ማሳ አጥር ጋ ሲደርሱ ግን መሸሻ አልቆ፣ ጉርሻው ከንፈሩን ሊነካ ስንዝር ቀረው። ብዕሩ ከእጁ ወደቀ።

"አያ ፈንቴ፣ በማርያም ይዤሃለሁ፤ ቤት ስገባ እናቴ አፌን ታሸታለች" አለ።