የሊቀ ወረፋ እርሳስ

ሰው በተሰለፈበት ሁሉ፣ ማንም ሳይሾመው ሰልፍ የሚያስከብር አንድ ሰው አይጠፋም። ክሊኒክ ሄዳችሁ ከሕመማችሁ ይልቅ የሚያናድዳችሁ እሱ ነው። የእኛ ሰፈር የዚህ ዘር አውራ ነበረው፤ ክቡር ሊቀ ወረፋ። ማዕረጉን ለቀልድ የሰጠናቸው እኛ ነን፤ እሳቸው ግን የምር ተቀበሉት።

ጡረታ ሳይወጡ በፊት የአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት መጥረጊያና ባልዲ ሲያስፈርሙ የኖሩ ሰው ሰፈር ውስጥ ምን ይሥሩ? ቦኖ ላይ ጀሪካን ይደረድራሉ። ለቅሶ ቤት፣ ሬሳው ሳይወጣ፣ ማን በየትኛው መኪና እንደሚሄድ ይመድባሉ። አንዴ ሁለት ሴቶች ሲጣሉ መሐል ገብተው "በወረፋ ተናገሩ" አሏቸው ይባላል። አልነበርኩም፣ ግን አምናለሁ።

እውነተኛ ወረፋ እጃቸው የገባው ሰፈራችን ሊፈርስ ሲል ነው። መሐል ከተማ ያለው መሬታችን ላይ አቅም ለሌለው ሰው በአነስተኛ ኪራይ የሚከራይ ሕንፃ ይሠራል ተባለ። ደስ አለን። ኋላ የመጣው ባለሙያ ግን ቤቶቹ ሁለት መቶ አርባ ብቻ መሆናቸውን ነገረን። ስማችሁን ራሳችሁ በተራ መዝግባችሁ አምጡ፣ የተረፈው ከከተማ ዳር ይሰጠዋል አለ። ከተማ ዳር ማለት ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ፣ ከዚያ ደግሞ በእግር ነው።

ሊቀ ወረፋ ደብተርና እርሳስ ይዘው ደጃቸው ላይ ወንበር አወጡ። ባለቤታቸው በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ የሚታከሙበት ክሊኒክ ከቤታቸው ጀርባ ነው። ስለዚህ በቀን ሦስቴ በመስኮት ብቅ ይላሉ።

"አንተ ሰውዬ፣ የኛን ጻፍከው ወይ?"

መልሱ አንድ ነው። "ጻፍኩ። ግን ጸሐፊ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው።"

ሰፈሩ ሳቀባቸው። ዋናው ሳቂ እኔ ነበርኩ። ወሬ ነው፣ አንድ ጡብ አይቆምም፣ አልመዘገብም ብዬ ስደነፋ ከረምኩ። በመጨረሻው ቀን አመሻሽ ላይ እናቴ አልቅሳ ላከችኝ። ሊቀ ወረፋ ደብተሩን ሊያጥፉ ነበር።

"አንተ ልጅ፣ ወረፋ ቆሞ ይጠብቅሃል?" አሉኝ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በላጲስ ሲፈትጉ ቆዩ። ቁጥርህ ሁለት መቶ አርባ ነው ሲሉኝ ዕድሌን አደነቅሁ። እናቴ ዘንድም እየተኩራራሁ ገባሁ።

በማግስቱ የደብተሩ ገጾች እንዳሉ ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። ከስሜ ሥር ጠፍቶ ያልጠፋ ሌላ ስም ነበር። ያው ስም አንድ መስመር ወርዶ ሁለት መቶ አርባ አንደኛ ላይ ተጽፏል። ወደ ላይ ብመለከት በየመስመሩ ሥር ያው ጥላ አለ። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር የራሳቸውን ስም እየፋቁ ወደ ታች ሲያወርዱ ከርመዋል።

ሮጬ ሄድኩ። ጋሼ፣ ቦታዎን ይውሰዱ ብዬ ለመንኳቸው። ዕቃ እያሰሩ ነበር፤ ቀና ብለውም አላዩኝ።

"ወረፋ ወደ ኋላ አይሄድም። እናትህን ይዘህ ግባ።"

ባለቤታቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ምርኩዛቸውን ያያሉ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ሕንፃው ሲያልቅ ገባሁም። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ከመስኮቴ ክሊኒኩ ይታያል። ውሃ በመጣ ቁጥር ሰዉ በደረጃው ይጋፋል፣ ባልዲ ከባልዲ ይጋጫል፣ ሃይ የሚል የለም። ያ ነዝናዛ ሽማግሌ እንዲህ ይናፍቁኛል ብሎ ማን ገመተ?

ከጎናችን ባለው ባዶ መሬት ላይ ሁለተኛ ሕንፃ ይሠራል ካሉ ዓመት አለፈው። የቆርቆሮ አጥሩ ዝጓል፤ ሣር በቅሎበታል። እኔ ግን ማንም ሳይሾመኝ ደብተር ገዝቻለሁ። አንደኛ ላይ የሳቸውን ስም ጽፌያለሁ፤ በእስክሪብቶ።