ዜና ገድሉ ለአባ ራሴ፣ የሞተር ሳይክሉን ታንክ ባቃና ጊዜ

የግቢው ውሃ ፓምፕ ተቃጥሎ፣ በአባ ራሴ እጅ ተጠግኖ፣ ዳግመኛ በተቃጠለበት ዓመት፣ የውጭው በር በእርሱው ጥገና ለሌባም ለባለቤትም አልከፈት ባለበት ወር፣ በዕለተ ሐሙስ፣ ንጉሠ ጓሮ፣ ሞዐ ቆርቆሮ፣ ሥዩመ ፒንሳ፣ ሳይጠሩት የሚደርስ፣ በቃህ ቢሉት የማይመለስ አባ ራሴ ለታላቅ ሥራ ተነሣ። አባ ራሴ መባሉም በፈረሱ ስም አይደለም፤ ፈረስ የለውም። «ተዉት፣ ራሴ እሠራዋለሁ» ከማለት ስለማያርፍ ነው። ሙያውስ መጋረጃ መሸጥ ነው።

ወእምዝ የዘመቻው ምክንያት ይህ ነበረ። የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ በሞተር ሳይክል የሰው ዕቃ ለየደጁ እያደረሰ የሚያድር፣ የታመመ አባታቸውን ሊያስታምም ሲሄድ ሞተሩን በአባ ራሴ ግቢ አቆመና እንዲህ ሲል አዋጅ አስነገረ፦

«ጋሼ፣ እሑድ እመጣለሁ፤ ሰኞ በጠዋት ሥራ ነኝ። እሷ ከቆመች እኔም ቆምኩ ማለት ነው። አደራ፣ ማንም እንዳይነካት። እርስዎም ጭምር!»

አባ ራሴም አልነካትም፤ ተቀመጠባት እንጂ። ከሱቁ እንደተመለሰ ጥቁር መነጽሩን ሰክቶ፣ የቆመችው ሞተር ላይ ወጥቶ፣ ነፋስ እንደሚገፋው ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ስልኩን በረዥም ክንዱ አርቆ ራሱን ፎቶ ሲያነሣ፣ ማቆሚያዋ ተንሸራተተና ፈረስና ፈረሰኛ ተያይዘው በልብስ ማጠቢያው ሲሚንቶ ላይ ተደፉ። እርሱ ከላይ፣ ሞተሯ ከታች እንደነበረች ምሎልናል። እኔ ጎረቤቱ ልብስ ሳሰጣ በአጥሩ ላይ ያየሁት ግን የተገላቢጦሹን ነው።

ሲያነሣት በነዳጅ ታንኳ፣ ማለትም በቤንዚን መያዣዋ፣ ቀኝ ጎን ሰፊ ሥርጉድ ተመለከተ፤ ወደ ግራ ቢዞር በዚያም ጎን ልክ እንደዚያው ያለ ሥርጉድ አገኘ። በአንድ ጎኗ የወደቀች ሞተር በሁለት ጎኗ እንዴት እንደተጎዳች ግን አልጠየቀም፤ መጠየቅ ከክብሩ በታች ነበርና። ሚስቱም ወጥታ አይታ በመላው ግቢ አዋጅ ነገረች፦

«ስማ አንተ ሰውዬ! የመኪና ቆርቆሮ የሚያቃናው ባትላሜራ እዚሁ ማዶ ነው። ልጁ ሳይመጣ ውሰድለት። በእሷ ነው የሚኖረው፣ እባክህ!»

አባ ራሴም በአዋጅ መለሰ፦

«ባትላሜራ ከመቀጥቀጥ ሌላ ምን ያውቃል? እኔ የማወጣው በሳይንስ ነው። ተዉት፣ ዞር በሉልኝ!»

ቅዳሜም ዘመቻው ተከፈተ። የተከተለው ሠራዊት ይህ ነው፦ በቀኙ የሰፈራችን ጡረተኛ ሾፌር፣ በእግር የሚረገጥ የጎማ መንፊያ ፓምፓ ታጥቆ፤ በግራው የባልዲ፣ የፕላስተርና የማስቲሽ ጭፍራ፤ በኋላው ደግሞ ለምን እንደመጡ የማያውቁ የእኔ ዶሮዎች። ታንኩን ፈትቶ፣ ቤንዚኑን ቀድቶ፣ ውስጡን በሳሙና አጥቦ፣ አስቀድሞ የመጸዳጃ ቤት ቱቦ መክፈቻውን ጎማ አጣብቆ ሥርጉዱን መጥጦ ሊያወጣ ታገለ፤ ጎማውም ተላቆ እርሱን በጀርባው አስተኛው። ያየ የለም ብሎ ተነሣ። እኔ ነበርሁ፤ ዶሮዎቹም ነበሩ።

ሁለተኛው መላ ግን አስፈሪ ነበር። የታንኩን ቀዳዳዎች ሁሉ በጎማ ቁራጭ ጠቅጥቆ፣ በሽቦ ጠፍሮ፣ በአንዱ ቀዳዳ ፓምፓውን አስገብቶ ሾፌሩን «ርገጥ!» ሲል አዘዘ። ሾፌሩም እየረገጠ አወጀ፦

«ኧረ ቀስ! ታንክ እኮ ነው፣ ኳስ አይደለም! ኋላ የሰው መሳቂያ እንዳንሆን!»

አባ ራሴም «ርገጥ ብያለሁ!» አለ፤ ሾፌሩም ረገጠ፤ ቆርቆሮውም እንደ ሽማግሌ አጉረመረመ፤ ኋላም «ዷ!» ብሎ ቀኙም ግራውም ባንድ ጊዜ ወደ ውጭ ወጣ። ዶሮዎቼ በአጥር ላይ በረሩ፤ ከዚያ ቀን በፊት ሲበሩ አይቻቸው አላውቅም። ታንኩም እንደ ጠገበ ሆድ ድብልብል ብሎ፣ በጎኖቹ አንድም ሥርጉድ ሳይታይበት ቀረ፤ በመዶሻ እየተለመነ ቦታው ተመለሰ። ድል አድራጊውም አወጀ፦

«አያችሁ አይደል? ከፋብሪካ ስትወጣ እንኳ እንዲህ አላማረባትም!»

እውነት ነው፤ ከፋብሪካ ስትወጣ እንዲህ አልነበረችም።

እሑድ ከሰዓት ወንድምየው ደረሰ፤ አባቱ ተሽሎታልና ፊቱ በርቶ ነበር። ሞተሩን አቅፎ ሊስም ምንም አልቀረውም። ከዚያ ወጣባት። ጉልበቶቹን ሊሰበስብ ሞከረ፤ አልተሰበሰቡም። ወረደ፤ ዳግመኛ ወጣ፤ በርሜል ላይ እንደተቀመጠ ሰው በልቀጥ ብሎ ቆየና፣ ከአዋጅ ሁሉ አጭሩን አወጀ፦

«ጋሼ፣ ጉልበቴን የት ላድርገው?»

ሾፌሩ ጫማውን ማየት ጀመረ። ለካስ ሁለቱ ሥርጉዶች ነጂው ታንኩን በጉልበቱ እንዲያቅፍ ፋብሪካው አስቦ የሠራቸው ኖረዋል፤ ይህንም በሞተር አንዲት ስንዝር የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ከመውደቋ የመጣው እውነተኛው ጉዳት ከክዳኑ ሥር ያለች፣ አውራ ጣት የምትሸፍናት ጭርምት ነበረች፤ እርሷም እስከ ዛሬ በሰላም አለች። ወንድምየው ግን አልሳቀም፦

«እንዲህ ተበልቅጬ ብነዳት የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ነው የምቀረው። ነገ የሰው ዕቃ አለብኝ፤ ካላደረስኩ ባለዕቃዎቹ ሌላ ሰው ይይዛሉ። ምን ልበላቸው?»

አባ ራሴ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሚስቱ ቀደመችው፦

«ያልሰማህ ስማ! ሌላ ታንክ ተፈልጎ እስኪገጠም ድረስ የወንድሜን ዕቃ በእግሩ የሚያደርሰው ይኸው ሰውዬ ነው። መጋረጃው ይጠብቀዋል። መዶሻውን ደግሞ ወዲህ በል!»

ሆነም። ከሰኞ ጀምሮ ወንድምየው አድራሻ ይዞ ከፊት፣ አባ ራሴ ካርቶን ተሸክሞ ከኋላ ያልፋሉ።

እንግዲህ ክብር ለአባ ራሴ ይሁን! ያልታመመውን ለፈወሰ፣ የታመመውንም ላላስቸገረ፤ ቤንዚን የማይጠጣ፣ ኩርባ ላይ የማይወድቅ፣ ዳገት ላይ ብቻ የሚያጓራ አዲስ ሞተር ለሰፈራችን ላበረከተ! ጉልበቱ ይጽና፤ ትንፋሹ አይጠር። ዛሬ የሁለት ሰው ፍራሽ በራሱ ላይ ደፍቶ በደጄ ሲያልፍ አይቻለሁ፤ የሚያደርሰውም እስከ ላይኛው ፎቅ ነው። የሕንፃው ሊፍት ተበላሽቷል አሉ፤ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ማንም እንዳይነግረው።