ክብርት እትዬ ይቀየርልኝ በባቡር ሆቴል

የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፤ የሰጡትን የሚቀበልና የሰጡትን የሚመልስ። ሁለተኛው ዓይነት ለየቤተሰቡ አንድ አንድ ታድሏል። ሻይ ሲቀርብለት ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ያነሳል፤ አውቶቡስ ውስጥ ሦስት ጊዜ ወንበር ይለውጣል፤ ገነት ቢገባ እንኳ በሩ ላይ ቆሞ «ከነፋሱ ራቅ ያለ ቦታ የላችሁም?» ማለቱ አይቀርም። በእኛ ቤተሰብ ይህንን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት አክስቴ ናቸው። ዘመድ አዝማድ የሰጣቸው ሙሉ ማዕረግ «ክብርት እትዬ ይቀየርልኝ» ነው፤ ፊት ለፊታቸው ግን ማንም ደፍሮ አይጠራቸውም።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ ሁለት ዓመት በልብስ ስፌት ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሥራቸው ሸሚዝ መመለስ ነበር። የአንገቱ ስፌት የዘለለ፣ ቁልፉ የላላ፣ አንዱ እጅጌ ከሌላው በግማሽ ጣት የረዘመ ሸሚዝ ከእጃቸው አያመልጥም። ፋብሪካው ሲያሰናብታቸው ሸሚዙን ተረከባቸው እንጂ ዓይናቸውን አልተረከባቸውም።

አንድ ጊዜ ክሊኒክ ሄደው፣ ሐኪሙ ደረታቸውን እያዳመጠ ሳለ «ልጄ፣ መጥፎ አይደለህም፤ ግን ይቀየርልኝ» ብለው በሌላ ሐኪም አስለውጠውታል። በእኔ ሠርግ ዕለት አራት ጊዜ ጠረጴዛ ቀይረው መጨረሻ ላይ ሙሽሮቹ ዘንድ ደረሱ። በሠርጌ ፎቶ ሁሉ በእኔና በባለቤቴ መሃል የምትታየው ግንባር የእሳቸው ናት። ከእያንዳንዱ ቅሬታ ኋላ የምትከተል ቃልም አለቻቸው፦ «እኔ ለራሴ ብዬ አይደለም።»

የምሠራበት ጋዜጣ በረሃ መሃል የታደሰውን የባቡር ሆቴል አይቼ እንድጽፍ ሲልከኝ ግብዣው ለሁለት ሰው ነበር። ባለቤቴ ከሥራዋ ፈቃድ አጣች። «አክስትህን ውሰዳቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከከተማ ወጥተው አያውቁም» አለችኝ። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ጸጸታት። እኔ ግን እሺ ብዬ ነበር።

ሆቴሉ ድሮ ባቡሩ ውሃ ለመሙላት ሲቆም መንገደኛው የሚያርፍበት ነው። የመንገደኛ ባቡር ሲቀር እሱም ተዘጋ፤ አሸዋው በመስኮት ገብቶ አልጋዎቹን እስከ ወገባቸው ቀብሯቸው ነበር ይላሉ። አሁን ግድግዳው በኖራ ተለስኗል፤ የእንጨት ወለሉ ተወልውሏል፤ ትኬት ይሸጥባት የነበረችው ባለፍርግርግ መስኮት እንግዳ መቀበያ ሆናለች። ከፊት ሰፊ በረንዳ፣ ከበረንዳው ማዶ ሀዲድ፣ ከሀዲዱ ማዶ ምንም። ያን ያህል ብዙ ምንም አይቼ አላውቅም።

ሥራ አስኪያጇ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ የቁልፍ እስር በወገቧ ያንጠለጠለች ቀልጣፋ ሴት ናት።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እማማ» አለች።

«እትዬ በይኝ» አሉ አክስቴ። ሻንጣችን ከመኪና ሳይወርድ ሰላምታው ተቀየረ።

ክፍል ሦስት ተሰጣቸው፤ ጠዋት ፀሐይ ፊት ላይ ትወጣለች ተባለ። ክፍል ስድስት ሄዱ፤ ፀሐይ የሚባል ነገር አያውቀውም፣ ውሃውም እስኪመጣ ሰው ያረጃል ተባለ። በክፍል ዘጠኝ የጣሪያው ማራገቢያ ሲጥ ሲጥ ይላል። በክፍል አሥራ አንድ የትራሱ ልብስ ስፌት ጠማማ ነው፤ «እንዴት ነው ሰው ጠማማ ነገር ላይ ተኝቶ ቀና ብሎ የሚነሳው?» አሉ። የቀረው ክፍል ቁጥር ሁለት ነበር፤ እዚያ ደግሞ አዲስ ሙሽሮች አርፈዋል። አክስቴ ራሳቸው ሄደው አንኳኩ። «ልጆቼ፣ እናንተ እንደሆናችሁ የትም ይመቻችኋል» አሏቸው። ሙሽሮቹ ተያይተው ሻንጣቸውን ጎትተው ወጡ።

ባቡሩም አልተረፈም። የጭነት ባቡር በቀን አንዴ፣ ከምሳ በኋላ በስምንት ሰዓት፣ መስኮቱን እያንቀጠቀጠ ሳይቆም ያልፋል፤ ያ ደግሞ አክስቴ ጋደም የሚሉበት ሰዓት ነው።

«ይቺን ባቡር ማን ነው የሚያዛት?» ብለው ሥራ አስኪያጇን ጠየቋት።

«ከዋናው ጣቢያ ነው የምትታዘዘው፣ እትዬ።»

«ስልካቸውን አምጪልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብታልፍ ምን ትሆናለች? እኔ ለራሴ ብዬ አይደለም።»

ያዩትን ሁሉ ባለመስመር ደብተር ላይ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ያሰፍራሉ። ቁርስ ላይ መነጽራቸውን አድርገው ለሥራ አስኪያጇ ሲያነቡላት፣ እኔ በረንዳው ጥግ ሄጄ በረሃውን እንደሚያደንቅ ሰው እቆማለሁ። ሁለት ጠዋት አደነቅሁት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ፎጣ ፍለጋ ወደ አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ስገባ፣ ሥራ አስኪያጇ ፊቷን ታጥፎ በተደረደረው አንሶላ ላይ ደፍታ ታለቅሳለች።

«አክስቴ ናቸው አይደል? በእውነት አፍሬያለሁ» አልኳት።

«እሳቸው አይደሉም» አለች ፊቷን እየጠረገች። «ነገ ጠዋት የሆቴሉ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ከመጀመሪያውም እኔ በጊዜያዊነት መሾሜን አልወደደውም፤ ከከተማ የራሱን ሰው ማምጣት ነው የሚፈልገው። አባቴ እዚህ ሀዲድ ጠጋኝ ነበሩ፤ እኔ እዚሁ ጣቢያ ነው ያደግሁት። ይሄን ቤት አብረውኝ ካሉት ስድስት ሰዎች ጋር አሸዋውን በባልዲ ዝቀን ነው ያወጣነው። እኔ ከተነሳሁ እነሱንም አያስቀራቸውም። የአክስትዎ ደብተር እጁ ከገባማ... አለቀልን።»

ወዲያው ወደ በረንዳው ሄድኩ። አክስቴ ወንበራቸውን ከጥላው ጋር እያዞሩ ተቀምጠዋል። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸውና «አክስቴ፣ እባክዎ፣ ነገ አንድ ቀን ብቻ ደብተሩን ሻንጣ ውስጥ ይክተቱት» አልኳቸው።

«ውሸት ልናገር?»

«ዝም ይበሉ ነው ያልኩት።»

«ያው ነው» አሉና ደብተሩን ከፍተው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡ ጀመር። እስከ እራት ድረስ አልዘጉትም።

ተቆጣጣሪው ገና በጠዋት ደረሰ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ፊቱን የቋጠረው መኪናው ውስጥ እያለ ነው። ገብቶ ሳይቀመጥ የመስኮቱን ደፍ በጣቱ ጠረገና ጣቱን ለሁላችንም አሳየን። «አቧራ!» አለ፤ በረሃ መሃል አቧራ በማግኘቱ ሌባ እንደያዘ ሰው ኮርቶ። ወደ አንዱ ክፍል ገብቶ ቧንቧ ከፈተ። «ውሃው ይዘገያል» እያለ ወጣ። ከዚያ በቁርስ ሰዓት፣ እንግዳው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ሠራተኞቹም በቆሙበት፣ «ይህ ቦታ ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋል» አለ።

ሥራ አስኪያጇ በወገቧ ያሉትን ቁልፎች ጨብጣ ያዘች።

አክስቴ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ።

«እርስዎ፣ እዚህ ሆቴል ስንት ክፍል ውስጥ አድረዋል?»

«እኔ አላድርም፤ አይቼ እመለሳለሁ» አለ።

«እኔ በሦስት ቀን አምስት ክፍል ቀይሬያለሁ። ይቀመጡ።»

አልተቀመጠም።

«ቁጭ በል!» አሉ። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የወረዱበት ፍጥነት ሰውየውን በቁሙ አላስቀረውም፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እሳቸው ደብተሩን ሲገልጡ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ሰኞ። ክፍል ዘጠኝ፣ ማራገቢያው ይጮኻል። በአሥር ሰዓት ተናገርኩ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ዘይት ጠጥቶ ዝም አለ። ክፍል ስድስት፣ ውሃው ይዘገያል። ተናገርኩ፤ ይህቺ ልጅ ራሷ ተንበርክካ ከቧንቧው አሸዋ ስታወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። አንተ የከፈትከው የቱን ነው? ንገራት፤ ሻይህን ሳትጨርስ ይሠራልሃል። ክፍል ሦስት፣ የመስኮቱ መከለያ ፀሐይ ያስገባል። ማክሰኞ ነቅለው አስተካክለው ሰቀሉት...»

እንዲህ እያሉ እስከ መጨረሻው አነበቡ። አንዲት መስመር አልዘለሉም፤ አንዲትም አላለሰለሱም።

«አርባ አንድ ጉድለት ጽፌያለሁ» አሉ ሲጨርሱ። «ሠላሳ ዘጠኙ ተስተካክሏል። የቀሩት የትራሱ ስፌትና ባቡሯ ናቸው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሸሚዝ መልሻለሁ። ጉድለት የሌለበት ሸሚዝ አይቼ አላውቅም። ሲመለስበት የማይኮሳተር ሰፊም አይቼ አላውቅም ነበር። እዚህ አየሁ።» ከዚያ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች ቃኙት። «ያንተ ሸሚዝ ሦስተኛው ቁልፍ በሌላ ክር ነው የተተከለው። እኔ ግን ልብስ ለመልበስ ልምድ የለህም አላልኩህም።»

ተቆጣጣሪው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ከማድ ቤቱ በር ኋላ ወጥ ቤቷ አፏን በሽርጧ አፍና ስትስቅ ተሰማ። ከክፍላቸው የተፈናቀሉት ሙሽሮች ደግሞ ብድግ ብለው «እኛም እንመሰክራለን» አሉ፤ ከእሳቸው ወገን ይቆማሉ ብሎ የጠረጠረ ሰው አልነበረም።

ሰውየው ደብተሩን እንዲሰጡት ለመነ። አልሰጡትም፤ እንዲገለብጥ ግን ፈቀዱለት። አጠገባቸው ተቀምጦ፣ እንደ ተማሪ እየተቆጡት፣ አርባ አንዱንም በእጁ ጻፈ። በሳምንቱ ሥራ አስኪያጇ ደወለችልኝ፤ ሹመቷ ጸድቋል፤ ስድስቱም በሥራቸው ላይ ናቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ አክስቴ ወንበሩ አልተመቸኝም አላሉም፤ መስኮቱን ዝጋ፣ ክፈት አላሉም። ነገሩ አሳሰበኝ።

«አክስቴ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ያቺ ልጅ» አሉ መንገዱን እያዩ፣ «አንድ ጉድለት በነገርኳት ቁጥር፣ 'ሌላስ እትዬ?' ትለኛለች። ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመቴ ነው። እናንተ 'ደግሞ ጀመራቸው' ነው የምትሉት። ሌላስ ያለኝ ሰው አልነበረም።»

መሪውን ይዤ ፊት ለፊቴን አየሁ። «ደግሞ ጀመራቸው» የምትለዋን ቃል ቤታችን ያመጣኋት እኔ ነኝ።

አሁን ሆቴሉ በየሦስት ወሩ ይጋብዛቸዋል። አዲስ ደብተር ይዘው ብቻቸውን ይሄዳሉ። ልከተላቸው ብል «አንተ የሰጡህን ሁሉ ትቀበላለህ፤ ሥራዬን ታበላሽብኛለህ» ብለው ከለከሉኝ። እሳቸው በሌሉበት ሳምንት እሑድ ምሳችንን ሳህኑ ሳይመረመር፣ ወንበሩ ሳይለወጥ በሰላም እንበላለን። እንዲህ ያለ የማይጥም ምሳ በልቼ አላውቅም።

ዛሬ ከመንገድ ሲመለሱ እኛ ጋ ነው የሚበሉት። ባለቤቴ ከማለዳ ጀምራ ወለሉን ወለወለች፣ ብርጭቆውን አጠበች፣ «ዛሬ እንኳ የሚሉት ያጣሉ!» ብላ ደስ ብሏት ወደ ጓዳ ገባች። እሷ ዞር ስትል ወንበር ላይ ወጣሁና የሳሎኑን መጋረጃ በአንድ ወገን ሦስት ጣት ያህል ዝቅ አድርጌ ሰቀልኩት።