ጎረቤቱስ የት ሄዶ ነው?

ሳይጠሩት የሚመጣ ጎረቤት የሌለበት ሰፈር ሰፈር አይባልም፤ የመኪና ማቆሚያ ነው። እዚህ ነገሌ ቦረና የእኛን ሰፈር ከዚህ ውርደት ያዳኑት ክብርት አዴ ሸምሳ ናቸው። ሱቃቸውና ቤቴ በአንድ ግድግዳ ይዋሰናሉ። ወጥ ሲያርብኝ ሽታው እኔ ጋ ሳይደርስ እሳቸው ይደርሳሉ።

እኔ የሥዕል መምህር ነኝ። በትርፍ ጊዜዬ አስፈሪ ኮሚክ እሠራለሁ። በኮሚኩ ውስጥ እንደ እኛው በቆርቆሮ ቤት የሚኖር አንድ ቤተሰብ አለ፤ ሲመሽ ጭራቆች ሊበሉት ይመጣሉ። በየሳምንቱ አንድ ክፍል እሥላለሁ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ፋዲል አባዝቶ ይሸጠዋል። አንባቢው ሁሉ ይፈራል። አዴ ሸምሳ ግን ይናደዳሉ።

"አካም፣ ናጋ ነህ?" ብለው ይገቡና መልሴን ሳይጠብቁ ወረቀቱን ይዘረጋሉ። "ሴትዮዋ ትጮኻለች። ጎረቤቱስ የት ሄዶ ነው?"

"አዴ፣ ጎረቤት ከመጣ እኮ አያስፈራም።"

"እንዳይፈሩ ነዋ ጎረቤት ያለው።"

አንድ ቀን ከሱቃቸው ትልቅ ጓጉንቸር አምጥተው "በራቸው ላይ ሣልላቸው" አሉኝ። ሣልኩ። ጭራቁ ጓጉንቸሩን ቆርጥሞ ሲበላው አኮረፉኝ። ሲታረቁኝም በማስጠንቀቂያ ነው፦ "የቤተሰቡን ትንሿን ልጅ ከነካህ ከእኔ ሱቅ ስኳር የለህም።"

ፋዲል ደግሞ "በመጨረሻው ክፍል ቤተሰቡ ሁሉ ካልተበላ አንባቢ ይስቅብሃል" አለኝ። በእሱ ሐሳብ ተስማማሁ። የጭራቁን እጅ በትንሿ ልጅ ብርድ ልብስ ላይ በእርሳስ ነድፌ ሳልጨርስ ትኩሳት ጣለኝ። በሬን ከውስጥ እንደቀረቀርኩ ተኛሁ። ለመጮህ እንኳ አቅም አልነበረኝም።

ጠዋት በሩ ሲደበደብ ሰማሁ። "ሬዲዮህ ዛሬ ለምን ዝም አለ?" የሚል ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ መቀርቀሪያው ተነቀለ። አዴ ሸምሳ በአንድ እጃቸው መዶሻ፣ በሌላው የግመል ወተት ይዘው ቆመዋል። የሰፈራችንን ባለባጃጅ ኢያሱን ጠርተው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ነርሷ "ምኑ ነዎት?" ስትላቸው "ጎረቤቱ ነኝ" አሉ፣ ማዕረጋቸውን እንደሚናገር ሹም። ወፌ ቆመች የሚለኝ ዘመድ በሌለበት አገር ይህን መስማት ደስ አለኝ፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ።

ቤት እንደገባሁ የጭራቁን እጅ በላጲስ አጠፋሁት። በምትኩ የተነቀለ በርና መዶሻ የያዙ ሴት ሣልኩ። ከፋዲል በፊት ለአዴ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና ፊታቸው ጠቆረ።

"ብቻዬን ነው የላክኸኝ? ንግሥትስ? ኢያሱስ?"

ጎረቤታችንን ንግሥትን ከነመጥረጊያዋ፣ ኢያሱን ከነባጃጁ ጨመርኩ። ወሬው በሰፈሩ ሲዳረስ እኔስ የሚል በዛ፤ ማንንም ማስቀየም ስላልፈለግሁ ሁሉንም አስገባሁ። ትንሿ ልጅ መሐላቸው ቆማ ትስቃለች።

ፋዲል ገጹን ለረጅም ጊዜ አየው።

"ጭራቆቹስ?" አለኝ።

"ቦታ አጡ" አልኩት።