ትንፋሽን በግሪክኛ የሚያውቁት ጎረቤት

የሕክምና ቃል የሚያውቅ ጎረቤት የሌለው ሕንጻ ገና አልተሠራም። ልብስ ሰፊዋ በምትኖርበት ሕንጻ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ፕሮፌሰር ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው የደረጃው ሕዝብ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ በእጃቸው ያለፈውን ካርድ ሁሉ አንብበውታል።

እሳቸው ፊት ማንንም ራሱን አያመውም፤ «ሴፋልጂያ» ነው ያለበት። «ስሙን ሳታውቅ እንዴት ትታመማለህ?» ይላሉ ቆጣ ብለው።

አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ የጨርቅ ጥቅል ታቅፋ ደረጃውን ስትወጣ፣ በራቸው ላይ ስትደርስ ቁና ቁና ተነፈሰች። በሩ ብርግድ አለ።

«ዲስፕኒያ!» አሉ፣ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው። «ከግሪኮች የመጣ ነው! ‹ዲስ› ክፉ፣ አስቸጋሪ፤ ‹ፕኒያ› ትንፋሽ።»

«እኛ ቁና ቁና መተንፈስ ነው የምንለው፤ ያሳልፉኝ ጋሼ።»

«የእኛው ብዛቱን ሰፈረ፤ የእነሱ ክፋቱን ተናገረ! ቆይ፣ ስትተኚስ?»

«ጋደም ስል ያፍነኛል። ሦስት ትራስ ተደግፌ ነው የማድረው። የጨርቅ አቧራ ነው፣ ምን ይሆናል?»

የፕሮፌሰር ፈገግታ ጠፋ። «ኦርቶፕኒያ» አሉ ቀስ ብለው። «‹ኦርቶ› ቀጥ ያለ ማለት ነው። ቀና ብለው ካልተቀመጡ የማይገኝ ትንፋሽ። ይህ ቃል ያለበት ካርድ ብዙ ጊዜ ወደ ልብ ሐኪም ነበር የሚሄደው። እስቲ እግርሽን።»

እግሯ አብጦ የጫማዋ ማሰሪያ ሰምጦበታል።

«የደንበኛ ቀሚስ ለነገ አለብኝ እኮ!»

«ደንበኛዋ በአሮጌው ትሂድ!»

ጥቅሉን ነጥቀው ቤታቸው ወረወሩት፤ በነጠላ ጫማ ወርደው መንገድ መሀል ቆመው ታክሲ አስቆሙ። ሹፌሩ ሰደባቸው፤ እሳቸው ግን በሩን ከፍተው እሷን እያስገቡ ነበር።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሟ ደረቷን አዳመጠች። «ልብሽ ደክሞ ሳንባሽ ውኃ ይዟል። ጥቂት ቀን ብትዘገዪ ኖሮ ሌላ ነገር እናወራ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ዞር ብላ አየቻቸው። ክቡርነታቸው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ዓይናቸው ካርዷ ላይ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ደህና እየተነፈሰች ከሆስፒታል ወጣች። ወደ ስፌት መኪናዋ እንደተመለሰች መጀመሪያ የሰፋችው ነጭ ጋዋን ነበር፤ ይዛ በራቸውን አንኳኳች።

ፕሮፌሰር በሁለት እጃቸው ተቀብለው ዳበሱት፤ ከዚያ አጥፈው መለሱላት።

«ይሄ የሐኪም ነው፣ ልጄ። እኔ አንባቢ ነኝ።»

እዚያው ቆማ አለቀሰች። ወደ ቤቷ ገብታ ግርጌውን ቆረጠች፤ ሸሚዝ አድርጋ መልሳ አመጣችላቸው። ዛሬም ይለብሱታል። «ነጭ ቶሎ ይቆሽሻል» እያሉ ያማርራሉ፤ እሷም እየተቀበለች በየሳምንቱ ታጥብላቸዋለች።