የግራው በር መስታወትና እትዬ በለጡ

ወዳጆቼ፣ ይህን ፖስት ከማንበባችሁ በፊት ለእኔ ያላችሁን አክብሮት ደህና ቦታ አስቀምጡት። ስትጨርሱ ላታገኙት ትችላላችሁ!

ነገሩ በደርግ ጊዜ የሆነ ነው። ዛሬ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ድንገት ትዝ አለኝና በፎጣው ተሸፋፍኜ ቀረሁ። ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ!

እንግዲህ ስሙኝ።

ያኔ ከተማችንን የምንላት አዋሳ ነበር። ባለቤቴ ማርቆስ እርሻ ቢሮ ይሠራል። አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ አሮጌ ስፖርት መኪናውን ለማርቆስ ትቶለት ሄደ።

ቀይ ናት። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር። ሲቀመጡባት መሬት ላይ ቁጭ ያሉ ይመስላል።

እኔ የአራት ልጆች እናት ነኝ። አራት ልጅ በሁለት ወንበር! ግን ጌታ ምስጋና አያሳጣም፤ ዝናብ ሲመጣ ዶሮዎቼ ከሥሯ ይጠለሉ ነበር።

ቤንዚን በኩፖን ስለነበር አብዛኛውን ጊዜ ግቢያችን ውስጥ ዛፍ ሥር ቆማ ነው የምትውል።

መስታወቷ ግን ጉድ ነበር። እንደ ሌላው መኪና በእጅ አይሽከረከርም። ስዊቹን ሲጫኑት በኤሌክትሪክ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሰፈሩ በሙሉ ተራ በተራ መጥቶ አይቶታል።

ለእኔ ያ መስታወት ጌጥ አልነበረም።

ጸሎት ቤታችን ታሽጓል። ቤት ውስጥ ሰብሰብ ብሎ መጸለይ «ያለ ፈቃድ ስብሰባ» ይባላል፤ ያሳስራል። የቤታችን ግድግዳ ደግሞ ጭቃ ነው፤ ሳል እንኳ ያሳልፋል። መኪናዋ ግን መስታወቶቿ ሲዘጉ ምንም አታስወጣም። እኔና ጓደኛዬ ማርታ እንገባለን፣ መስታወቱን እንዘጋለን፣ እንጸልያለን።

ለሚያየን፣ ማርታ መኪና እየለመደች ነው።

ሞተሩ ሳይነሳ! ምን ይደረግ፣ ትምህርቱ ገና መሪ አያያዝ ላይ ነው።

ከሰው ሁሉ የምንፈራው እትዬ በለጡን ነበር። አጥራችን አንድ ነው። የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው፤ ካኪ ይለብሳሉ፣ ድምፃቸው ከድምፅ ማጉያ ይበልጣል። በር ላይ ስንገናኝ እጅ እነሳለሁ። እሳቸው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላቸው።

«አንቺ ጴንጤ፣ ያቺ ጓደኛሽ መንዳት የምትችለው መቼ ነው? በስምንተኛው ሺህ?»

ይስቃሉ። እኔ ግን በልቤ፣ ስለ እኛ እያጣሩ ነው እላለሁ።

አንድ ሰሞን የግራው በር መስታወት፣ የሹፌሩ ማለት ነው፣ ወርዶ ቀረ። አልወጣም አለ። መሀል ከተማ ያለው መካኒክ አየውና «የዚህ መኪና እቃ አገር ውስጥ የለም» ብሎ ሸኘን። ማርቆስ ለመስክ ሥራ ወደ ገጠር ወጣ። መስታወት ከሌለ ጸሎት የለም።

«እኛው እንሞክረው» አለች ማርታ አንድ ቀን ጠዋት።

«ምን ታውቂያለሽ?»

«ምንም። አንቺስ?»

«ካቻቪቴው የት እንደተቀመጠ አውቃለሁ።»

በዚህ እውቀት ተጀመረ!

እርግጡን ለመናገር፣ አካሄዳችን መጥፎ አልነበረም። የቀኙ መስታወት ይሠራል፤ እንግዲያው ባትሪው ደህና ነው። ፊውዙን ነቅለን አየነው፤ አልተቃጠለም። የግራውን ስዊች ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወርን፤ ለውጥ የለም። ስለዚህ ጥፋቱ በሩ ውስጥ ነው አልን። ማርታ የበሩን ሽፋን ፈታችው።

ውስጡ ትንሽዬ ሞተር አለች። ሁለት ሽቦ ይገባባታል። የአንዱ ጫፍ ዝጎ ከቦታው ወጥቷል። እኔ ደግሞ ላጽዳው ብዬ ሁለተኛውንም ነቀልኩት። ዝገቱን በቢላዋ ፋቅን፣ ግራሶ ቀባን።

የትኛው ሽቦ የት ነበር? አቧራው ሁለቱንም መንታ አስመስሏቸዋል። ጌታ ያውቃል ብዬ ሰካሁ።

ጌታስ ያውቅ ነበር። የማላውቀው እኔ ነኝ።

ማርታ ስዊቹን ተጫነች። ዝም። በሌላው በኩል ተጫነች።

መስታወቱ ቀስ እያለ ወጣ!

ተቃቀፍን። ማርታ እንባዋ መጣ። ወደ የት በኩል ስትጫነው እንደወጣ ግን ከሁለታችን የጠየቀ የለም። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ!

የበሩን ሽፋን እንኳ ሳንመልስ ለምስጋና ተቀመጥን። እኔ በመሪው በኩል፣ እሷ በቀኝ፤ ተለማማጇ እሷ መሆኗን ደስታው አስረስቶናል። ዓይናችንን ጨፈንን።

ለማታውቁ፣ እኛ ስንጸልይ ተራ አንጠብቅም። ሁላችንም በአንድ ጊዜ፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ነው። ማርታ ደግሞ ከጀመረች ነጎድጓድ ናት። መሀል ላይ፣ መስታወቱ ከላይ በደንብ ያልገጠመ መሰለኝ። ዓይኔን አልገለጥኩም፤ ጸሎት መሀል ዓይን መግለጥ ለእኛ ነውር ነው። በጣቴ ዳብሼ ስዊቹን ወደ ላይ ተጫንኩት።

መስታወቱ እስከ ግማሽ ወረደ።

በኋላ ነው የገባኝ፤ ሽቦዎቹን አገላብጬ ሰክቻቸው ኖሯል። ወደ ላይ ሲሉት ወደ ታች! ለወራት ሲንገጫገጭ የኖረ መስታወት ያን ቀን ሳይንሿሿ ወረደ። በማርታ ድምፅ መሀል ሞተሯን እንኳ አልሰማኋትም።

የተሰማኝ ሌላ ነገር ነው። ከሐይቁ በኩል ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ፊቴን ዳሰሰኝ።

እኔ መንፈስ ቅዱስ መሰለኝ!

አትሳቁ። እሺ፣ ሳቁ።

በዚያ ብርታት ድምፄን ጨመርኩ። «ጌታ ሆይ፣ የበለጡን ጆሮ ድፈን! ምላሷን እሰር! ልትናገር አፏን ስትከፍት ቃል አሳጣት! ከዚች ሴት ክፋት ሰውረን!»

አንቱታው እንኳ ቀርቷል። ከጌታ ጋር ሳወራ ይሉኝታ የለኝም።

«አሜን!» አልኩ።

«አሜን!» አለች ማርታ።

«አሜን» አለ ሦስተኛ ድምፅ።

መኪናዋ ሁለት ሰው ነው የምትይዘው፣ ወዳጆቼ!

ዓይኔን ገለጥኩ። እትዬ በለጡ በሩ ላይ ጎንበስ ብለው ቆመዋል። በእኔና በእሳቸው አፍንጫ መካከል ስንዝር ቢሆን ነው። መስታወት የለም። ካኪም አልለበሱም፤ ነጠላቸውን ተከናንበዋል። ዓይናቸው ቀልቷል። ያኔ «ምነው፣ ምን ሆኑ?» ማለት ነበረብኝ። ለራሴ ስፈራ የሰው ፊት ማየት ተሳነኝ።

«እትዬ…» አልኩ።

«እትዬ? አሁን በለጡ አልነበርኩም እንዴ?»

«መኪና እየ… እየለመድኩ ነው» አለች ማርታ።

«አንቺ ዝም በይ!» እትዬ በለጡ ወደ እሷ ዞሩ። «የቀበሌው ጥበቃ ‹እነዚህ ሴቶች መኪና ውስጥ ተዘግተው ምን ይሠራሉ?› ብሎ ሲመላለስብኝ፣ ‹መንዳት እየተማሩ ነው፣ አንደኛዋ ጭንቅላቷ ደረቅ ስለሆነ ጊዜ ወሰደባት› ብዬ የመለስኩት ማን ይመስላችኋል? እኔ በለጡ! ይህቺ ክፉዋ!»

ማርታ በዚያ ሰዓት እንኳ «ደረቅ» በመባሏ ቅር ሲላት አየኋት።

እኔ መሪውን ይዤ ቀረሁ። ለካ ያ የበር ላይ ጥያቄ ምርመራ አልነበረም። አውቄላችኋለሁ፣ አይዟችሁ ማለታቸው ነበር።

እትዬ በለጡ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ቃል ግን አልወጣላቸውም። ነጠላቸውን ሰብስበው በመጡበት ሄዱ።

ያን ቀን የዋልነው ውሎ ለጠላትም አይስጠው። «አሁን ይመጣሉ» ትላለች ማርታ። ለልጆቼ ልብስ አዘጋጀሁ፤ ለእህቴ «እኔ ብወሰድ አደራ» ብዬ ላክሁ። የመጣ ሰው ግን የለም።

ማምሻውን ማርታ ከገበያ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

«እትዬ በለጡን መናኸሪያ አየኋቸው። መሬት ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ሰለሞን ለብሔራዊ ውትድርና ተጭኖ ሄደ።»

ሰለሞን አንድ ልጃቸው ነው። ሌላ የላቸውም። የቀበሌ ሰው ስለሆኑ የእሳቸው ልጅ ይቀራል ስንል ነበር። አልቀረም።

ያኔ ነው የነጠላው ነገር የገባኝ። ለካ ጠዋት የመጡት ልጃቸው ከመሳፈሩ በፊት ጸልዩለት ሊሉን ነው። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ማተባቸውን ከካኪው ሥር ነው የሚያስሩት። በዚያ ሥልጣን ላይ ሆነው ደጀ ሰላም ቢታዩ ይጠየቃሉ። ሳይፈሩ ሊያለቅሱ የሚችሉበት የቅርብ ቦታ የእኛ መኪና ነበረች። ምን እንደምንሠራባት ያውቃሉ፤ ደብቀውልናልም። መጡ። ቆመው የገዛ ስማቸውን ሰሙ።

በማግስቱ ሄድኩ። በሩን ከፈቱልኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙ።

«ተነሺ። ምን ልትፈልጊ መጣሽ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ።»

«ይቅርታውን ከራስሽ አምላክ ጋር ጨርሺ። ልጄ ሰለሞን ነው የሚባለው። የእኔን ስም በጠራሽበት ድምፅ የእሱን ጥሪልኝ። እንደዚያ ተጮኾ የማይሰማ አምላክ የለም።»

ወደ ግቢያችን መጡ። ማርታ ወንበሯን ለቀቀችላቸውና በር ጠባቂ ሆነች። ሹፌርነቷ በዚያው አበቃ። እትዬ በለጡ ገብተው ተቀመጡ፣ አማተቡ።

«መስታወቱን ዝጊው» አሉኝ።

ስዊቹን ወደ ላይ ተጫንኩ። ግማሽ ላይ የነበረው መስታወት ጨርሶ ወረደ። ደግሜ ተጫንኩ። ምንም የለም።

«ወደ ታች ተጫኝው እንጂ!» አሉ። «ትናንት ወደ ላይ ስትጫኚ ሲወርድ ቆሜ አይቼሻለሁ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ፈገግ ትያለሽ ደግሞ!»

ወደ ታች ተጫንኩ። ወጣ። እያለቀሱ ሳቁ፤ እኔም። ከዚያ ሰለሞንን ጮኼ ጠራሁት። እሳቸው በራሳቸው ሥርዓት፣ እኔ በእኔ። እስኪመለስ ድረስ እንዲያ ኖርን። ሽቦዎቹንም ማንም አልነካቸውም።

ሰለሞን ተመለሰ፤ የጌታ ስም ይባረክ። ዘግይቶ፣ ከስቶ፣ በአንድ እግሩ እያነከሰ፤ ግን ተመለሰ። እትዬ በለጡም እስኪያርፉ ድረስ ያን ቀን የሰሙትን ለማንም አላወሩም። ለዓለም የለጠፍኩት ይኸው እኔው ራሴ ነኝ!

የማይለቀኝ ግን ያ ጠዋት ነው። አንዲት እናት ልጇን ከመሸኘቷ በፊት ደጄ ድረስ መጣች። እኔ ምላሷ እንዲታሰር፣ ቃል እንድታጣ ጸለይኩ። አፏን ስትከፍት ቃል አጣች። ልጁም ማንም አብሯት ሳይጸልይለት ተሳፈረ።

በሕይወቴ እንደዚያ ፈጥኖ የተመለሰልኝ ጸሎት የለም። ለልጆቼ፣ ለጤናዬ፣ ለጣሪያዬ ዓመታት ለምኛለሁ፤ ተመስገን፣ በጊዜው መልሷል። ያን አንዱን ምነው ትንሽ ባዘገየው!

እናንተዬ፣ «ጌታ ሆይ፣ ያን ጊዜ ባልሰማኸኝ» ብሎ መጸለይ ይቻላል? የምታውቁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ዓይኔን ገልጬ እጠብቃለሁ።