ሳንቲም ነው ብዬ ሙዝ የላጥኩለት ባትሪ

ወገን፣ ዛሬ ራሴን በራሴ እንዴት እንዳዋረድኩ ሳልነግራችሁ ማደር አልችልም። ስድባችሁን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፣ አነበዋለሁ።

ጠዋት የሁለት ዓመቷ ልጄ ሶሲ ሳሎን ውስጥ አንድ ነገር ዋጠች።

ምን እንደሆነ አላየሁም። ጠረጴዛው ላይ ግን የአንድ ብር ሳንቲም ነበር፤ አሁን የለም። እኔ ደግሞ የተማርኩ ሰው ነኝ አይደል? ጎግል አደረግኩ። "ብዙ ጊዜ ሳንቲም በራሱ ይወጣል" ይላል። አለቀ! ሙዝ ይገፋዋል ብዬ መላጥ ጀመርኩ። (የሙዙን እንኳ ጎግል አላለም፤ የሰፈር እውቀት ነው።)

ቤታችን እንግዳ አለ። የባለቤቴ አጎት አያ ሞላ፣ ዓይናቸውን ሊታከሙ ከኮሶዬ የወረዱ ገበሬ ናቸው። ሶሲን ትኩር ብለው ያዩዋታል።

"ምነው ልጄ፣ ይቺ ልጅ ምራቋን መዋጥ ተሳናት እኮ። ጥጃ እንዲህ ሲያዝረበርብና አንገቱን ሲያሰግግ ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረ ነገር አለ ማለት ነው። ሐኪም ቤት ውሰጃት።"

ጥጃ!

ቱግ አልኩ። "አያ ሞላ፣ ልጄ ከብት አይደለችም። ደግሞስ ዓይንዎ መቼ ታከመና ነው?"

አዎ፣ አፌን ሞልቼ እንዲህ አልኳቸው። እናቴ ብትሰማ በጥፊ ታጮለኝ ነበር።

እሳቸው ሙዙን ከእጄ ወሰዱና ሶሲን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወደ በሩ ሄዱ። ምን ላድርግ፣ ተከተልኳቸው። ባጃጅ ውስጥ ሁሉ እየተነጫነጭኩ ነበር።

ድንገተኛ ክፍል ራጅ ተነሳች። ሐኪሟ አየችውና ፊቷ ተለወጠ።

"ሳንቲም አይደለም። ጠርዙ ድርብ ነው፤ ሳንቲም የሚመስለው ክብ ባትሪ ነው። ጉሮሮዋ ላይ ቆሟል። ሥጋዋን ሳያቃጥል አሁኑኑ መውጣት አለበት።"

የጌጥ መብራቱ ሪሞት! የባትሪው ክዳን ከተሰበረ ሳምንት ሆኖታል፤ በፕላስተር የለጠፍኩት እኔው ነኝ።

ሳንቲሙ? ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ኦፕራሲዮን ክፍል አስገብተው፣ አስተኝተው አወጡላት። በሩ ላይ ቆሜ ያልተሳልኩት ስለት የለም። ሐኪሟ ስትወጣ "ትንሽ ቆስላለች፣ ግን ትድናለች። እስከ ነገ ብትቆዩ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው። ምራቋን መዋጥ እንዳቃታት ያስተዋለው ማነው?" አለች።

ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እኔን ያየኛል። በአገጬ ወደ አያ ሞላ አመለከትኩ።

"አባቴ፣ የጤና ባለሙያ ነዎት?"

"ኧረ አራሽ ነኝ" አሉ።

ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ። ብድግ አደረጉኝና "ምነው ልጄ፣ እናት አይደለሽ? ደንግጠሽ ነው የተናገርሽኝ" አሉኝ።

እኔም "አዎ፣ ደንግጬ ነው" አልኩ።

ውሸቴን ነው። ያኔ ገና መቼ ደነገጥኩ? ንቄያቸው ነበር።

አሁን ሶሲ ዋርድ ተኝታለች፣ ትንፋሿን እየሰማሁ ነው። ተመስገን። እናንተ ልጃችሁ የሆነ ነገር የዋጠ ከመሰላችሁ ምንም ሳታበሉ ሩጡ።

እና እስኪ ምከሩኝ፤ ልጄን ላተረፈልኝ ሰው "ንቄዎት ነበር" የሚባለው እንዴት ተብሎ ነው?